ይታጠብ ወይስ ይተላለፍ

ብርዛፍ ከተቀበረች ወዲህ ክንዷን ያነሱላት የነበሩት የላስቲክና የሽቦ እጅጌዎቿ አንድም ቀን ከሰዓታቸው አላጓደሉም። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ሲሆን መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ካለው መስቀያቸው ይነቃሉ። መጀመሪያ ቀኙ ጣቶቹን አንድ በአንድ ይዘረጋል፤ ግራው ይከተለዋል። ከዚያ ሁለቱ ተጋግዘው በባዶ አየር ላይ ፀጉር ይጎነጉናሉ፤ ይፈታሉ፤ እንደገና ይጎነጉናሉ። ሩብ ሰዓት ያህል ነው። መገጣጠሚያቸው እንዳይደርቅ የሚያደርጉት ማፍታቻ ነው። ለባሻቸው ኖረች አልኖረች አይጠይቁም።

ባሏ ደመላሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ያያቸዋል። ካልሲውን በአንድ እግሩ አጥልቆ ሌላውን በእጁ እንደያዘ ሩብ ሰዓቱ ያልቃል።

በሰባተኛው ቀን ከእጅጌ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ደረሰው። «ሐዘንዎ ሐዘናችን ነው» ይላል። «እስከ አርባኛው ቀን ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ፦ ይታጠብ፤ ይተላለፍ።» ለደሴ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የታጠበ እጅጌ የለመደውን ሁሉ ይረሳል፤ ማንኪያ ከማንሳትና በር ከመክፈት በቀር የሚያውቀው አይኖርም። የተላለፈ እጅጌ ደግሞ ተራ ለሚጠብቅ ሰው ከነልማዱ ይሰጣል። ለቀስተኛ ድንኳን ውስጥ ጎንበስ ብሎ «አስተላለፋችሁ?» ሲል መስማት ስለ ተዝካሩ ከመጠየቅ እኩል ሆኗል።

ደመላሽ ደብዳቤውን አጥፎ ከመስተዋቱ ኋላ ሻጠው።

የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ መዝገቡ ላይ «ተጠባባቂ» ይለዋል። ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ፣ በቀን ስድስት ምልልስ። አውቶቡሱ ጠመዝማዛውን መንገድ ራሱ ይወርዳል፤ ራሱ ይወጣል። ሰው የሌለበት አውቶቡስ አይሄድም የሚል ደንብ ስላለ ደመላሽ መሪው ፊት ይቀመጣል። ሁለት እጆቹን ጭኑ ላይ አጣጥፎ ይቀመጣል። መሪውን ለመጨረሻ ጊዜ የነካው ካቻምና ነው፤ አንዲት በቅሎ መንገድ ዘግታ። እጆቹ ጤነኞች፣ ወፍራሞች፣ ጠንካሮች ናቸው። ሥራ ግን የላቸውም።

የብርዛፍ ነገር ተቃራኒው ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ደረጃ መውጣት አቃታት። ጡንቻ የሚያከሳ በሽታ ነው አሏት፤ እየባሰ እንጂ እየተሻለ እንደማይሄድ አልደበቋትም። እሷ «እንግዳው» ነበር የምትለው። ጠዋት ስትነሳ «እንግዳው ዛሬ ጭኔ ላይ ነው ያደረው» ትላለች፤ በዓመቱ «አሁን ደግሞ ትከሻዬን ወዶታል» ትላለች። በተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ሆና አራዳ ሰፈር ፀጉር ቤት ከፈተች። ደሴ ውስጥ አልባሶ እንደሷ አድርጎ የሚሠራ አልነበረም። የእድር ዳኛ ሆና ሁለት ወንዶችን በአንድ ስብሰባ አስለቅሳለች። ገበጣ ስትጫወት ታጭበረብራለች፤ ስትያዝ ደግሞ «በበሽተኛ ላይ ትነሳላችሁ?» ብላ ታለቅሳለች፤ እንባዋ ሳይደርቅ ጠጠሩን ትሰርቃለች። ወደ ጦሳ የሚወጣው የገመድ መኪና የተመረቀ ዕለት ተሽከርካሪ ወንበር ከነአስታማሚው ያለ ሰልፍ ይግባ ተብሎ ነበር። ብርዛፍ ሹሩባ የምታስተምራቸውን አሥራ አንድ ተማሪዎቿን «አስታማሚዎቼ ናቸው» ብላ ይዛ ገባች። ጠባቂው ሲቆጥር ቆይቶ «እመቤት፣ ምን ቢያምዎት ነው?» አላት። «ውስጤ ገብተህ እየው፤ ብዙ ነው» አለችው።

ደመላሽ ያገባት ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላት ነው። ያን ጊዜ ጣቶቿ እንደ ሸረሪት ይሮጡ ነበር፤ ክንዶቿ ግን ከትከሻዋ በላይ አይነሱም። ስለዚህ የማታ ፈረቃ ወሰደና ቀን ቀን ከኋላዋ እየቆመ ክርኖቿን በሁለት መዳፉ ደገፈላት። እሷ ትጎነጉናለች፤ እሱ ክርኖቿን እንደያዘ በደንበኛዋ ራስ ላይ አሻግሮ ቴሌቪዥን ያያል። አራት ዓመት እንዲህ ሠሩ። ሴቶቹ «ባልና ሚስት ባንድ ፀጉር» እያሉ ይስቁ ነበር። ደመላሽ በሕይወቱ ከዚያ የሚበልጥ ዘመን አላየም።

ከዚያ እጅጌዎቹ መጡ። ጣቶቿ ገና ሳይደክሙ ለበሰቻቸውና ከጣቶቿ ተማሩ። ጣቶቿ ሲደክሙ ደግሞ በጣቶቿ ፋንታ ሠሩ። በመጀመሪያው ቀን ክንዷን ብቻዋን ከራሷ በላይ ስታነሳ ፀጉር ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ደመላሽም አጨበጨበ። ማታ ግን ራቱን ሳይጨርስ ተነሳ።

«ምን ሆነሃል?» አለችው።

«ምንም።»

«ቀናህ እንዴ? በላስቲክና በሽቦ?»

«ማን? እኔ?»

«አዎ፣ አንተ! ክርኔን ናፈቅክ፣ አይደል?» ብላ ሳቀች። በአዲሱ ቀኝ እጇ የጆሮውን ጫፍ ያዘችና ሳብ አደረገችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአጠገቡ ባለፈች ቁጥር ጆሮውን ሳብ ታደርገዋለች። እሱ ግን ቅናቱ አልወጣለትም። በጣቶቿ መካከል በሚያልፈው የሰው ፀጉር ሁሉ ቀና። ማታ ማታ መስቀያው ላይ ሲያያቸው የጎሪጥ ይመለከታቸው ነበር።

በአርባ ስድስት ዓመቷ እንግዳው ደረቷ ላይ ወጣ። ለሳንባ የሚሆን እጅጌ የለም።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ቤቱ ከለቀስተኛ ጭር ሲል፣ ደመላሽ ቀኙን እጅጌ ከመስቀያው አወረደው። ውስጡ ላይ «ከባለቤቱ በቀር ማንም አይልበሰው» ተብሎ ተጽፏል። ለበሰው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና እጁን ለቀቀው። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ እጁ በራሱ ተነሳ፤ የሌለ ሻሽ አስተካከለ፤ ጉልበቱ ላይ የሌለ ፀጉር አራገፈ። ከዚያ የገዛ ጆሮውን ያዘና ሳብ አደረገው።

ደመላሽ ከቀብሩ ወዲህ ያኔ ገና አለቀሰ።

በማግሥቱም ለበሰው። በሦስተኛውም ቀን። ከሥራ በፊት አንድ ሰዓት የነበረው፣ ከሥራ በኋላ ሁለት ሰዓት ተጨመረበት። ኋላ ካፖርት ደርቦበት አውቶቡሱ ላይም ይዞት ወጣ። ተሳፋሪው ምን ያውቃል? እጁን ጭኑ ላይ አጣጥፎ ተቀምጦ፣ እጅጌው መቼ እንደሚነሳ እየጠበቀ ኮምቦልቻ ይደርሳል። ግራውን ግን አልነካውም። ጆሮውን የምትስበው ቀኟ ነበረች።

በሃያኛው ቀን የብርዛፍ ታላቅ እህት አመለወርቅ መጣች። አመለወርቅ ነገር አታሽሞነሙንም።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ወሰንክ?»

«ገና ነኝ እትዬ አመለወርቅ።»

«ገና ማለት ምን ማለት ነው? እጅጌውን የጠየቀችው የሐይቅ ከተማዋ ልጅ እየጠበቀች ነው። ሰይዳ ትባላለች፤ ፀጉር ሠሪ ናት። የብርዛፍ ዓይነት በሽታ ነው፤ እሷን ግን የጀመራት ከጣቷ ነው።»

«ታዲያ የታጠበ ይስጧት።»

«የታጠበውን ማን ያስተምረዋል? የደረቀው ጣቷ? ፀጉር የሚያውቅ እጅጌ በወሎ ምድር ይኸው የኛ ብቻ ነው አሉ። ይኼ ከቀረባት እጇን አጣጥፋ ቤት መዋሏ ነው።»

ደመላሽ ሻዩን አማሰለ። ስኳር አልጨመረበትም ነበር።

«ባል አላት?» አለ።

«ምን አልክ?»

«ባል አላት ወይ ነው ያልኩት።»

«አላት። ይማም የሚባል፣ የዓሣ መረብ ጠጋኝ። ምነው፣ ባይኖራት ልታገባት ነው?»

ዓይኑ ላይ የመጣው አንድ ነገር ነው፤ ሐይቅ ዳር ባለ ቤት ውስጥ፣ ስሙን እንጂ መልኩን የማያውቀው ሰው ራት እየበላ ነው፤ የብርዛፍ እጅ ከኋላው መጥቶ ጆሮውን ይስበዋል። ሰውየው ይስቃል። ደመላሽ ሻዩን ሳይጠጣ ገፋው።

በሃያ ሰባተኛው ቀን ሰይዳና ይማም ራሳቸው ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ልማዱ ነው። እጅጌ ጠያቂ ለቅሶ ቤት ይመጣል፤ በር አጠገብ ይቀመጣል፤ ስለ እጅጌው ግን አንዲት ቃል አይተነፍስም። ባለቤቱም በበኩሉ እጅጌውን ነጠላ ያለብሰዋል። ደመላሽ አልብሷል።

ሰይዳ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጭን፣ ፈገግታ የማይጠፋት ሴት። እጆቿ ጭኗ ላይ እንደ ወለቀ ጓንት ተቀምጠዋል። ሻይ ሲመጣ ይማም ብርጭቆውን አንስቶ በራሱ ከንፈር ነካ አደረገ፤ ሙቀቱን ለካ፤ ከዚያ ወደ አፏ አስጠጋላት። ጠጥታ ስትጨርስ ከንፈሯን በአውራ ጣቱ ጠረገላት። እሷ አላየችውም እንኳን፤ ወሬዋን አላቋረጠችም። ደመላሽ ግን አየ። ክርኖቿን የያዘበት አራት ዓመት ከፊቱ መጥቶ የተቀመጠ መሰለው። ይማም ሊወስድበት ነው ብሎ የቀናበት ነገር ቀርቶ፣ ይማም ዛሬ በእጁ ያለውም አስቀናው።

ሴቶቹ ሲያወሩ ሁለቱ ወንዶች ደጅ ወጡ።

«አላህ ያጽናዎት ጋሼ» አለ ይማም ሁለተኛ። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ አይቀየሙኝ» አለ።

«ጠይቅ።»

«እጅጌው ከመጣ በኋላ... እትዬ ብርዛፍ ይፈልጉዎት ነበር?»

ደመላሽ ዞሮ አየው። «ለምን ጠየቅከኝ?»

«አሁን ስትነሳ ይማም ትላለች። ውኃ ሲጠማት ይማም ትላለች። አፍንጫዋን ሲበላት እንኳ ይማም! ሰዎች አይሰለችህም ወይ ይሉኛል። ወላሂ፣ አልሰለቸኝም ጋሼ። ስሜን እንዲያ የጠራው ሰው ኖሮ አያውቅም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይታጠብ ቢሉ እኔ አልቀየምዎትም። ለሷ እንዳይነግሩብኝ እንጂ።»

ደመላሽ ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ሲፈልገው የሰነበተው ቃል ከራሱ ከባልየው አፍ ወጣለት። ደስታው ግን አልመጣም። በሌላ ሰው አፍ ሲሰማው ነገሩ ይሸት ነበር።

ቢሆንም «ይታጠባል» አለ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ካንድ ጓሮ ሸንኮራ ሰርቀው እንደወጡ ሰዎች አጥሩን ሲያዩ ቆይተው ገቡ።

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ምንትዋብ ትንሽ ቦርሳዋን ይዛ ልታጥብ መጣች። ጠያቂ እንቢታውን በጆሮው የመስማት መብት ስላለው ሰይዳና ይማምም ተገኙ። አመለወርቅ ማንም ሳይጠራት መጥታ ማህል ቤት ተቀምጣለች፤ ከደመላሽ ጋር ቃል አትለዋወጥም።

ምንትዋብ ነጠላውን ገለጠች። ቀኙን ስትነካው ቆም አለች። ቦርሳዋን ከፍታ መሣሪያዋን አስጠጋችው፤ አየችው፤ እንደገና አየችው።

«ይህን ማን ለበሰው?»

መሣሪያዋን ወደ ተቀመጡት አዞረችው።

«ከሃያ ቀን በላይ ተለብሷል። ማነው?»

«ደመላሽ!» አለች አመለወርቅ፤ አኩርፋ እንደነበር ረስታ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ምንም አልሠራሁበትም። ዝም ብዬ ነው የለበስኩት።»

«ክፋቱም እሱ ነው ጋሼ። እጅጌ ከለባሹ ይማራል።» ወደ አመለወርቅ ዞረች። «እማማ፣ ፀጉርዎን ላንዴ ያውሱኝ።»

አመለወርቅ ሻሿን ፈታ መስቀያው ሥር ተቀመጠች። ግራው ወዲያው ነቃ፤ ፀጉሯን ከፈለ፤ ሦስት ዘለላ ለይቶ ወጠረ። ቀኙ መጣ። ፀጉሩን ነካ። አንድ ዙር ጎነጎነ። ከዚያ ጣቶቹ ቀስ ብለው ተፈቱ፤ ወደ ታች ወረደ፤ መዳፉን አጥፎ ተንጠለጠለ። ምንትዋብ አነሳችው። እንደገና ነካ፤ እንደገና ወረደ።

«ምን እየሠራ ነው?» አለ ይማም።

ደመላሽ ያን አኳኋን ያውቀዋል። ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ።

«ተቀምጧል» አለ።

ደመላሽ ወደ መስቀያው ተጠጋና ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሰጠው። ሰው ፊት መሆኑን ረሳ። እጅጌው ወደ ጆሮው ተዘረጋ። እጅግ ቀርቦት ነበር፤ የላስቲኩ ጠረን ሸተተው። ከዚያ መንገድ ላይ ቆመ፤ ተመለሰ፤ ተጣጠፈ።

«መቼ ነው የተወው?» አለች ምንትዋብ።

ደመላሽ ሊያስታውስ ሞከረ። ከሳምንት በፊት ነው ወይስ ከሁለት? እየጠበቀ ነበር እንጂ መምጣት ማቆሙን ልብ አላለም።

«እኔ የማጥበው ብዙ አልቀረም ጋሼ» አለች ምንትዋብ ቀስ ብላ። «ቀኙን እርስዎ አጥበውታል። ግራው ግን እንዳለ ነው። ይታጠብ ካሉ ወረቀቱ እዚህ ላይ ይፈረማል።»

ደመላሽ ብዕሩን ተቀበለ። ያኔ እስካሁን ቃል ያልተናገረችው ሰይዳ ተናገረች።

«ግራውን አንዴ ልልበሰው።»

«ሰይዳ...» አለ ይማም።

«አንተ ዝም በል። ሰውየው ሐዘን ላይ ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። ከዚያ እጠቡት። አንዴ ብቻ ግን ፀጉር ልያዝ፤ ከያዝኩ ሁለት ዓመቴ ነው።»

ምንትዋብ ወደ ደመላሽ አየች። ደመላሽ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ግራው እጅጌ የሰይዳን ክንድ ሲያገኝ አንድ ጊዜ ተንዘፈዘፈ። ከዚያ ወደ አመለወርቅ ራስ ሄደ። መሐል ራሷ ላይ ፀጉሯን በአንድ ጣት ሰነጠቀው፤ መስመሩ እንደ ክር ቀጥ አለ። ሦስት ዘለላ ለየና ወጥሮ ያዘ። ደመላሽ መቀመጫ ፈልጎ ተቀመጠ። የብርዛፍ ግራ እጅ በሰው ትከሻ ላይ ነበር፤ ለሌላ ሴት ይታዘዝ ነበር። ቅናቱ እንደ መጀመሪያው ቀን ትኩስ ነበር፤ ምንም አልበረደለትም።

እጁ ወጥሮ እንደያዘ ቆመ። ቆየ።

«ምን ሆነ?» አለች አመለወርቅ ከታች። «አንገቴ ተጣመመ እኮ።»

«እየጠበቀ ነው» አለች ሰይዳ። ሳቅ እያፈናት፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። «ቀኙን እየጠበቀ ነው! ይማም፣ ና!»

«እኔ? እኔ መረብ እንጂ...»

«ና እንጂ! መረብም ክር ነው፣ ፀጉርም ክር ነው። ቀኝ ሁነኝ!»

ይማም ወደ ደመላሽ አየ። ፈቃድ መጠየቁ ይሁን ይቅርታ፣ አልለየለትም። ከዚያ ከሚስቱ አጠገብ ተንበረከከና ቀኝ እጁን ፀጉሩ ውስጥ አስገባ። አንዱን ዘለላ አነሳ፤ በሌላው ላይ አሳለፈ። ግራው ተቀበለው። ሁለተኛውን አሳለፈ። ጣቶቹ በብርዛፍ ጣቶች መካከል ገቡ፤ ወጡ። በሦስተኛው ተሳሳተ፤ ከላይ ማሳለፍ ሲገባው ከታች አሳለፈ።

ግራው ፀጉሩን ሳይለቅ በሁለት ጣቱ የይማምን እጅ ጀርባ መታ አደረገው።

«ውይ!» አለ ይማም።

አመለወርቅ ሳቋ አመለጣት። «ተማሪዎቿን እንዲህ ነበር የምትቀጣው! እሰይ! ጨምሪለት!»

ሰይዳ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «እኔ አይደለሁም፤ ወላሂ እኔ አይደለሁም!» ይማም ዘለላውን ፈትቶ እንደገና ከላይ አሳለፈው። አሁን ግራው ዝም አለ፤ ተቀበለው፤ ቀጣዩን ወጠረለት።

ምንትዋብ መሣሪያዋን አስጠግታ ታይ ነበር። «የታጠበ ቀኝ የሚሠራ እጅ ካገኘ ይማራል» አለች ለማንም ሳትል። «ባሏ ለብሶት ከዚህ ግራ ጋር ዓመት ቢሠራ፣ ቀኙ አውቆ ለሷ ይደርሳል። ግራው ከተላለፈ ነው ይህ ሁሉ።»

ይማም ቀና አላለም። ጎንጉኖ፣ ተቀጥቶ፣ ፈትቶ፣ ጎንጉኖ ግማሽ ጉንጉን ደረሰ። የእጁ ጀርባ ቀልቷል። ደመላሽ ያን መቅላት አፍጥጦ ያየው ነበር። በመጨረሻ ይማም እጁን እያሻሸ ወደ እሱ ዞረ።

«ጋሼ፣ እትዬ ብርዛፍ ሁልጊዜ እንዲህ ነበሩ? እንዲህ ነው የሚመቱት?»

«አላውቅም» አለ ደመላሽ።

«እንዴ! ሃያ አንድ ዓመት አብረው ኖረው?»

ደመላሽ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። «ይታጠብ» በሚለው ፊት ለፊት ያሳረፈውን ብዕር አነሳና ወደ ታችኛው መስመር፣ ወደ «ይተላለፍ»፣ ወሰደው።

«ክርኗን ነበር የምይዝላት» አለ። «አስተምሪኝ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። እጄን ፀጉሩ ውስጥ አስገብቼ አላውቅም።»

ፈረመ።